የአውራ ጣት ተራ

ወላይታ ለብቻው ዞን በሆነ በሁለተኛው ዓመት ሶዶ ውስጥ የልብስ ሰፊውን የዳልጮን ያህል የተሳቀበት ሰው አልነበረም። ሃምሳን ካለፈ በኋላ ባንጆ የሚባለውን ባለ ክር የፈረንጅ መሣሪያ ልማር ብሎ ተነሳ። ባንጆውን ወደ አገሯ የተመለሰች ሚስዮናዊት ነርስ ለቤተ ክርስቲያኑ ትታው ነው የሄደችው። የመዘምራኑ መሪ ቤኒ፣ በዕድሜ ልጁ የሚሆን አስተማሪ፣ መሣሪያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠው።

"ጋሼ፣ እስከ ዘመን መለወጫችን፣ እስከ ጊፋታ በዓል ይሞክሩት። ካልሆነ ለወጣቶቹ እንሰጠዋለን። የባንጆው ቦርሳ ለጊዜው ቢሮ ይቆይ።"

ዳልጮ የሚሰፋው በሳሊህ ሱቅ በረንዳ ላይ ነው። ሥራ ሲቀዘቅዝ ባንጆውን ያነሳል፤ ጣቶቹ ግን ይሽቀዳደማሉ። በተለይ በአውራ ጣት የምትነካው አጭሯ ክር አንዴ ቀድማ፣ አንዴ ዘግይታ ዜማውን ታበላሽበታለች።

"ያቺ አጭሯ ሰው ሲያወራ ጣልቃ ትገባለች" አለው ሳሊህ ስኳር እየመዘነ። "ተራ አታውቅም። በጥሳትና ገላግለን።"

ዳልጮ ለይምሰል ሳቀ። ባንጆው ከተወሰደበት በዚህ ዕድሜው ሌላ ማንም አይሰጠውም። ደግሞም ተራ የሚለው ቃል ከነከነው። ጌታን ከመቀበሉ በፊት በየለቅሶው ዲንኬ የሚባለውን ረጅም መለከት ይነፋ ነበር። አንድ ነፊ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዜማው የሁሉም ነው። ነፊው አይቸኩልም፣ አያንቀላፋም፤ ተራው ሲደርስ ይነፋል። ይህን እያወቀ አውራ ጣቱን እንዲያ ሲያንገላታ መክረሙ በራሱ አናደደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ክሮቹን እየተጫነ ዜማ የሚያወጣውን ግራ እጁን አሳረፈ። ዜማ የሚባል አልነካም። በጥፍሩ አንዷን ረጅም ክር ወደ ታች ይመታል፣ ቀጥሎ አውራ ጣት። ክረምቱን በሙሉ ይኸው ነው።

"እንቁላል እንኳ ቀስ በቀስ በእግሩ ሄደ" አለ ሳሊህ ተማርሮ። "ያንተ ግን እዚያው ቀረ። ሌላ አታውቅም?"

"እኔ አውቃለሁ" አለ ዳልጮ አውራ ጣቱን እያሳየው። "ይሄ ነው ያላወቀው።"

መስከረም ሲጠባ ግራ እጁን ወደ ዜማው መለሰ። የጊፋታ ሰሞን እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ምእመኑ ፊት ቆመ። ሁለተኛው አዝማች ላይ ግራ እጁ የሚይዘው ጠፋበት። አውራ ጣቱ ግን ተራውን ጠብቆ ነካ፤ ደግሞ ነካ። መዘምራኑ የአውራ ጣቱን ምት ይዘው ዘመሩ፤ ግራ እጁም ቆይቶ ደረሰ።

ሲወጡ ቤኒ ጠጋ አለው።

"ጋሼ፣ መሐል ላይ ተሳስተዋል።"

"አዎ።"

"ግን አላቆሙም።"

ሊቀበለው መስሎት ዳልጮ ባንጆውን ጥብቅ አድርጎ ያዘ። ቤኒ ከጀርባው ቢሮ የቆየውን ቦርሳ አወጣ።

"ዝናብ እንዳይመታው" አለና አስጨበጠው።