አክስቱ የተናገሩለት ፊልም

በሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ ስለ ፊልምና ስለ ዘፈን ይጽፍ የነበረውን ሰው አንባቢዎቹ «አይጥመው» ብለው ሰየሙት። ሰባት ዓመት ሙሉ የሰው ፊልም ሲያብጠለጥል ኖሯል። ከሁሉም የሚያንገበግበው ወሬ የበዛበት ፊልም ነው። «ተዋናዩ በር ሲከፍት እንኳ ‹በሩን ልክፈተው› ይለናል» ብሎ ጽፏል።

በመጨረሻ አንድ የተናደደ የፊልም አዘጋጅ «እስቲ አንተ ሠርተህ አሳየን!» አለው።

እልህ ያዘውና ሠራ። ካሜራ ከጓደኛው ለመነ፤ ልብስ ሰፊዋ አክስቱ ቤታቸውን ለቀቁለት። እሳቸውም የተዋናዮቹን ልብስ እያጠበቡና እያሰፉ ሦስት ወር ሙሉ ከካሜራው ኋላ ተቀመጡ። ትንፍሽ አላሉም፤ አስምሏቸው ነበር።

ፊልሙ ስለ ተኳረፉ ባልና ሚስት ነው። በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚናገሩት አሥራ አንዴ ብቻ ነው። የቀረው የእግር ኮቴ፣ የሚንጠባጠብ ቧንቧና የበር ሲጥሲጥታ ነው።

የምርቃቱ ቀን ትንሿ አዳራሽ ጢም አለች። ያ አዘጋጅም እግሩን አነባብሮ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጧል። ፊልሙ እንደጀመረ ድምፅ ማጉያው አንዴ ጓ አለና ጸጥ። የድምፅ ባለሙያው ከሽቦ ጋር ትግል ገጠመ። ሸራው ላይ ባልየው በመስኮት ያያል፤ አሁንም ያያል። ሰው መሳል ጀመረ። አንዱ «ተበላን!» ብሎ ተነሳ።

አክስት አላስቻላቸውም፤ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ቆዩ እንጂ ልጆቼ! ወዶ እኮ አይደለም ዝም ያለው። ትናንት ክፉ ቃል አምልጦት፣ ዛሬ ይቅርታ ማለት ሞት ሆኖበት ነው።»

አዳራሹ ሳቀ። ሚስትየዋ ሳህን አስቀመጠች።

«አያችኋት? ይኼ ሳህን ማስቀመጥ ነው? ስድብ ነው እንጂ!»

አይጥመው ከኋላ «እቴቴ፣ በሞቴ ይቀመጡ!» አለ።

«አንተ ተቀመጥ!» ብሎ አዳራሹ ጮኸበት።

አክስት እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። አዘጋጁ የሳቅ እንባውን እየጠረገ መጣና «ደራሲው የታለ?» አለ።

«እኔ ነኝ» አለ አይጥመው።

«አንተን አይደለም።»

ሦስት ቀን አክስቱን አኮረፈ። በአራተኛው ደወሉለት።

«ተቀየምከኝ እንዴ ልጄ?»

«ፊልሜን ገደሉት እኮ፣ እቴቴ!»

«ኧረ እኔስ ሞቶ ነው ያገኘሁት።»

ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

በሳምንቱ ድምፅ ማጉያው ተጠግኖ ፊልሙ እንደገና ታየ። ኮቴው፣ ቧንቧው፣ በሩ ቁልጭ ብለው ተሰሙ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ከኋላ አንዱ «ሴትዮዋስ?» ብሎ ጠየቀ። ሌላውም ተቀበለው። አይጥመው ጥርሱን ነክሶ ትንሽ ታገሠ፤ የዚያን ቧንቧ ድምፅ ለመቅዳት ዘጠኝ ቀን ፈጅቶበታል። ከዚያ ተነስቶ ወደ ባለሙያው ክፍል ሄደ።

«ድምፁን ቀንሰው።»

«ትንሽ ነው ጨርሶ?»

«ጨርሶ» አለና አክስቱን ሊጠራ ወጣ። አክስት ሩቅ አልነበሩም፤ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጉሮሯቸውን እየጠረጉ በሩ ላይ ቆመዋል።