በሩን ለመግባት አምስት ዓመት

ፊልም ውሸት ነው የሚል ሰው ሞልቷል። ግማሹን እንኳ አያውቀውም! አንድ ሰው ከውጭ የበሩን እጀታ ሲጨብጥ፣ ቀጥሎም ወደ ቤት ሲገባ ስታዩ ውጭውና ውስጡ በአንድ ቀን የተቀረጹ እንዳይመስላችሁ። ውጭው ዛሬ፣ ውስጡ ከወር በኋላ ሊቀረጽ ይችላል። ተመልካች የሚያየው ግን አንድ እርምጃ ነው። ያንን እርምጃ አንድ የምታደርገው ደብተር ይዛ ጥግ የምትቀመጥ ሴት ናት። የሸሚዙ ስንተኛ ቁልፍ እንደተከፈተ፣ ፀጉሩ ወዴት እንደተበጠረ፣ በየትኛው እጁ በሩን እንደያዘ አንድ በአንድ ትጽፋለች።

በዚያ ስቱዲዮ ይህችን ሴት ሁሉም «አይረሴ» ይላታል። ሃያ ዓመት ስትሠራ አንዲት ቁልፍ አምልጣት አታውቅም። ከእያንዳንዱ ቀረጻ ግርጌ «ጉድለት» የምትል መስመር አለቻት፤ እዚያ ላይ ያየችውን ትጽፋለች፣ ወዳጅ የለ ዘመድ የለ። ዳይሬክተሩ ሲነጫነጭባት፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እኔ ደግሞ ሁለቱም ነኝ» ትለዋለች።

ያን ጊዜ ይቀረጽ የነበረው ፊልም መሪ ተዋናይ ሎጋው ነበር። ቁመቱንና መልኩን አይቶ ነው ሰው ይህን ስም ያወጣለት። ፎቶው ያልተለጠፈበት ግድግዳ አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ግን፣ መልክ እንጂ ጆሮ አልነበረውም። ሌላው ተዋናይ ሲናገር ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የራሱን ተራ ይጠብቃል። የሌላው ንግግር ቢወላገድ፣ ቢረሳ፣ ምን ተዳዬ! «አዳምጥ እንጂ አንተ ሰው!» እያለ ዳይሬክተሩ ድምፁ እስኪዘጋ ይጮህበት ነበር።

ሎጋው የሚጫወተው ልጅ ከዓመታት በኋላ ወደ አባቱ ቤት የሚመለስበትን ትዕይንት ሲጀምሩ የበሩን ውጭ ቀረጹ። «ውስጡን ነገ» ተባብለው ተለያዩ። በዚያው ቀን ጦርነት ታወጀ፤ ሎጋው ቤቱ ሲደርስ የክተት ደብዳቤው ቀድሞት ደርሷል። ነገ የተባለው አምስት ዓመት ፈጀ።

ጦርነቱ አብቅቶ ሎጋው ሲመለስ ፕሮዲውሰሩ ፊቱን አዞረ። «ሰው ረስቶታል፤ በሌላ ልጅ ከሀ ጀምረን እንቀርጸዋለን» አለ። ዳይሬክተሩ ለምኖ፣ ተቆጥቶ፣ እንደገና ለምኖ አንዲት ቀን አገኘ። የበሩ ውስጥ ይቀረጻል። ከድሮው ጋር ከገጠመ ፊልሙ በሎጋው ይቀጥላል፤ ካልገጠመ ሎጋው ቻው።

በዋዜማው አይረሴ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ሎጋውን ለሙከራ ታሰናዳው ጀመር። የያኔው ሸሚዝ ሰፍቶታል፤ ከጀርባው በመርፌ ቁልፍ ሰበሰበችው። በጆሮ ግንዱ ላይ ብቅ ያለውን ሽበት አጠቆረችው። ከጦርነቱ ጉንጩ ላይ ይዟት የመጣውን ጠባሳ በቀለም ሸፈነችና ወደ ኋላው ዞረች።

«ኮሌታህን አቅና» አለችው። ዝም። «አንተ፣ ኮሌታህን!» አሁንም ዝም። ቀና ሲል መስታወቱ ውስጥ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየ። «ምን አልሽኝ እታለም?» አላት።

ትልቁን መቀስ አንስታ ከኋላው ወለሉ ላይ ለቀቀችው። ኮሪደር ላይ ያለ ሰው እንኳ «ምንድነው?» ብሎ ጮኸ። ሎጋው ግን ዓይኑን አላርገበገበም።

ዞራ ፊት ለፊቱ ቆመች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሊዋሻት አልሞከረም። «ሁለት ዓመት መድፍ ሥር ኖርኩ። ግራ ጆሮዬ ጭራሽ አይሰማም። ቀኙ ቀንም ሌትም ጭው ይላል እንጂ ቃል አይለይም። የሰው አፍ እያየሁ ነው የምኖረው።»

«ነገ አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውህ ነው'ኮ የሚናገሩት!» አባባ የሚሏቸው የአባትየውን ቦታ የሚሠሩትን አንጋፋ ተዋናይ ነው።

«ሰው ከመናገሩ በፊት አየር ይስባል፤ ትከሻው ከፍ ይላል። ያን ጊዜ የእሳቸውን ቃል በልቤ ቆጥሬ መልሴን እሰጣለሁ። ንግግሩን እንደሆነ የእኔንም የእሳቸውንም በቃሌ ይዤዋለሁ። ምሽግ ውስጥ ምን ሥራ ነበረኝ? አምስት ዓመት ሙሉ ይቺን በር ስገባ ነው የኖርኩት።» ከዚያ እጇን ያዘ። «እታለም፣ በሞቴ፣ ደብተርሽ ላይ አትጻፊብኝ።»

አንጀቷን በላው። ቢሆንም ሃያ ዓመት የጻፈ እጅ በአንድ ቀን አይታጠፍም። «ነገ ጉድለት ካየሁ እጽፋለሁ፤ ካላየሁ አልጽፍም። ከዚህ ወዲያ አትለምነኝ» አለችው። «ይበቃኛል» አለ። «ቆይ፣ ከበሩ ኋላ ሆነህ 'አክሽን' ሲባልስ በምን ታውቃለህ?» አለችው።

መድፍ የተቋቋመው ሰውዬ ይቺን አላሰባትም። አይረሴ ከልብስ ስፌት ሳጥኗ ረጅም ጥቁር ክር መዘዘች። «ጫፏን ጣትህ ላይ ጠምጥማት። ስስብልህ ለቀህ ግባ።»

በማግስቱ ፕሮዲውሰሩ እጁን አጣምሮ ከካሜራው ኋላ ተቀመጠ። ክሩ በበሩ ሥር አልፎ አይረሴ መዳፍ ውስጥ ገብቷል። «አክሽን!» ሲባል ሳብ አደረገችው። በሩ ተከፈተ። ያው ቀኝ እጅ፣ ያው የተከፈተ ሁለተኛ ቁልፍ። እሰይ! አለች በሆዷ።

አባባ መስኮቱ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመዋል። ትከሻቸው ከፍ አለ። «ማነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ሎጋው፣ ልክ በሰዓቱ።

አሁን አባባ «የት ቆየህ?» ማለት አለባቸው፤ እሱም «መንገዱ ረዘመብኝ» ይላል። የአባባ ትከሻ ከፍ አለ። ወረደ። ቃል የለም። እንደገና ከፍ አለ፣ ወረደ። አባባ ረስተዋል! እርጅና ማስታወሳቸውን እየበላው እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ደፍሮ የተናገረ ግን የለም። ድምፅ እየተቀዳ ስለሆነ ማንም ሊያስታውሳቸው አይችልም።

አይረሴ እስክሪብቶዋን ጨበጠች። ትከሻ አይቶ የሚመልስ ሰው አሁን ላልተጠየቀ ጥያቄ ሊመልስ ነው። አለቀልን! ሎጋው አፉን ከፈተ።

ከፈተና መልሶ ገጠመው። ዓይኑ የሽማግሌው እጅ ላይ ነበር፤ የመስኮቱን ደፍ ጨብጦ ይንቀጠቀጣል። ማንም ሳያዝዘው ክፍሉን አቋርጦ ሄደ፣ አባባን በትከሻቸው ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ራሱ አዞራቸው። ድሮ አንድም ሰው አይቶ በማያውቅ ዓይን ፊታቸውን ትክ ብሎ አያቸው።

«የት ቆየህ ብለህ አትጠይቀኝም፣ አባዬ?»

የአባባ ፊት በራ። «የት... የት ቆየህ ልጄ?»

«መንገዱ ረዘመብኝ።»

መብራት የያዘው ሰው እንባውን በትከሻው ጠረገ። «ከት!» አለ ዳይሬክተሩ፣ አቁሙ ለማለት። ሎጋው የአባባን ፊት እያየ ቆመ። «ከት!» አሁንም ቆሟል። በሦስተኛው ጩኸት ሁሉም ነገሩ ገባው።

«ይሄ ሰው አይሰማም እንዴ?» አለ ፕሮዲውሰሩ።

አይረሴ ተነሳች። «አይሰማም። መድፍ ነው ጆሮውን የነሳው። ትናንት ነው ያወቅሁት፤ ክሩንም የሳብኩት እኔ ነኝ።»

ፕሮዲውሰሩ ሊናገር ሲል አባባ ቀደሙት። «እኔ ጆሮ ያለኝ ረሳሁት፤ እሱ የማይሰማው አስታወሰኝ። እሱን የምታባርር ከሆነ መጀመሪያ እኔን አባር!»

«ደብተርሽን አምጪው እስቲ» አላት ፕሮዲውሰሩ። ይህች ሴት ለማንም እንደማታዳላ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል፤ የራሱ ልጅ ሲተውን እንኳ ጉድለቱን ጽፋበታለች። እዚያው ፊቱ «ጉድለት» ከምትለው መስመር ላይ «የለም» ብላ ጻፈችና ሰጠችው። ሁለቴ አነበበው። ኮቱን አነሳ። «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትጀምሩት?» አለና መልስ ሳይጠብቅ ወጣ።

ከዚያ ቀን ወዲያ በዚያ ስቱዲዮ «ከት» ብሎ መጮህ ቀረ፤ ዳይሬክተሩ ሎጋው በሚያየው በኩል እጁን ያወርዳል፣ ሁሉም ያቆማል። ያን ዕለት ግን ይህን ገና ማንም አላሰበውም። ዳይሬክተሩ ሄዶ የሎጋውን ትከሻ ነካ ሲያደርግ እሱ ደንግጦ ዞረ። የሁሉንም ፊት አየ፤ መታወቁ ገባው። ቀለሙ ከጉንጩ ላይ ተፍቆ ጠባሳው ወጥቷል። እንደ ተከሳሽ አይረሴን በዓይኑ ፈለጋት።

«ምን አለ? እታለም፣ ሰውዬው ምን ብሎ ሄደ?»

አይረሴ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቃሉን አንድ በአንድ፣ አፏን ሞልታ ነገረችው።

«ነገ እንዳታረፍድ።»

ሎጋው ግድግዳውን ተደግፎ እንደ ልጅ አለቀሰ። እሷ ጎንበስ ብላ ጥቁሩን ክር ከወለሉ ሰበሰበችና ደብተሯ ውስጥ ከተተችው።