የማይቆጠሩት የአዴ ድርቤ ልጆች

በ፲፱፻፶፮ ዓ.ም. ለአገር የደከመ ሰው ለኒሻን ይታጭ የሚል ቅጽ ከአዲስ አበባ ሲመጣ፣ ነቀምት ምንም ሳትከራከር አዋላጇን አዴ ድርቤን አጨች። ቅጹን እንድሞላ የታዘዝኩት እኔ አስተማሪው ነኝ።

ነገሩ የክብር ብቻ አልነበረም። አዲሱ የጤና ተቆጣጣሪ አቶ ወልደዮሐንስ፣ ያለ ፈቃድ ማዋለድ ክልክል ነው ብለው በደብዳቤ የሴትዮዋን እጅ ካሰሩ ወር ሆኗቸው ነበር። ደረቷ ላይ ኒሻን ያንጠለጠለችን ሴት ማን ይከለክላል? ስሌታችን ይኸው ነበር።

ሰባቱን ጥያቄ በደስታ ሞላን። ስምንተኛው «ያዋለዷቸው ልጆች ብዛት በቁጥር» ይላል።

አዴ ድርቤ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ልጅ አይቆጠርም፤ የተቆጠረን ልጅ ዓይን ይበላዋል አሉ። በግምት እንጻፍ ብላቸው፣ ግምትም የቁጥር ወንድም ነው አሉኝ። ኒሻኑን ለላም አንጠልጥሉላት ብለው ወደ ሰፈራቸው ወደ ቡርቃ ጃቶ ሄዱ።

የአውራጃ ጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊ ኦቦ ጉሉማ ደግሞ ባዶ ሣጥን ያለበት ወረቀት አላሳልፍም አሉ። ፖስታው ዓርብ ይወጣል። ስለዚህ ሐሙስ ጠዋት «ልጆቹ» ራሳቸው ግቢውን ሞሉት። ከጉቴ በጭነት መኪና የመጡ ነበሩ። ሪዛቸው የሸበተ ሕፃናት፣ ሁለት ዳኛ፣ አንድ ሌባ ከነጠባቂው፤ ጠባቂውንም ያዋለዱት እሳቸው ናቸው። አዴ ድርቤንም ለምነን አመጣናቸው።

ኦቦ ጉሉማ እርሳስ አንሥተው ጣታቸውን ዘረጉ። «አን...» ከማለታቸው እናታቸው አዴ በቀለች ከሕዝቡ መሀል፣ «ጉሉማ፣ ወንድሞችህን ልትጨርሳቸው ነው?» አሏቸው። እርሳሱ ወደ ጆሮ ተመለሰ።

ጥቂት አስበው ፊታቸው በራ። ከአዴ ድርቤ እጅ ያልወጣ ሰው ብቻ ወደ አጥሩ ይለፍ፤ እሱን ቆጥሬ በመዝገብ ካለው ሕዝብ እቀንሳለሁ አሉ።

ባለሱቁ ፈድሉ ጉራጌ አገር መወለዱን እያማረረ አለፈ። እኔም ሸዋን ረግሜ ተከተልኩት። አዴ ድርቤን በዕድሜ የሚበልጡ ሦስት ሽማግሌዎች በምርኩዝ መጡ። ከበረንዳ ሆነው ሲስቁብን የነበሩት አቶ ወልደዮሐንስም ተጠሩ፤ እሳቸውስ የማን ናቸው?

ጉሉማ ጀመሩ። ፈድሉ አንድ ሲባል ግራና ቀኝ ተፋ። እኔ ሁለት ስባል አማተብኩ። ሽማግሌዎቹ እስከ አምስት አደረሱት። ጣቱ ወደ ተቆጣጣሪው ሲዞር የሠለጠኑት ሰውዬ ኮሌታቸውን ያዙ።

«እኔን ይተዉኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ለእናቴ አንድ ነኝ።»

«የማይቆጠረው የእኔ ልጅ ብቻ ነው» አሉ አዴ ድርቤ፤ ነጠላቸውንም እንደ ድንኳን ዘረጉ። «ና ግባ። ትልቅ ነህ፣ ግን ከዚህ የባሰ ምጥ አይቻለሁ።»

አቶ ወልደዮሐንስ ዙሪያውን አዩ፤ ጣቱንም አዩ። አጎንብሰው በነጠላው ሥር በአንዱ በኩል ገብተው በሌላው ወጡ፤ ባርኔጣቸው ውስጥ ቀረ። እልልታው ሲቀልጥ ፈድሉ ወንድ ነው ብሎ ጮኸ።

አዴ ድርቤ ግን እጃቸውን እንደ ዘረጉ ነበር። በእናቱ ላይ ክልከላ የሚጽፍ ልጅ ወልጄ አላውቅም አሉ። ተቆጣጣሪው ደብዳቤውን አስመጥተው፣ ፀጉራቸው እንደ ተንጨባረረ፣ «ተሽሯል» ብለው ፈረሙበት።

ዓርብ ቅጹ ወጣ፤ በስምንተኛው ሣጥን «ከአምስት ሰው በቀር ሁሉም» ይላል። አዴ ድርቤ ሲሸኝ አላዩትም። ጉቴ ለምጥ ተጠርተው ሄደዋል፤ በቅሎዋን የሚስቡላቸው አቶ ወልደዮሐንስ ነበሩ።