ማሉባ እስክትነጥፍ

«እማ፣ ማሉባ የምትነጥፈው መቼ ነው?»

ንቺሙንያ ቀና ሳትል ፈገግ አለች። ትንሹን ልጇን በጀርባዋ አዝላ፣ ጉንጯን ከማሉባ አጠገብ ባለችው ጥቁር ላም ጎን ላይ አስደግፋ እያለበች ነበር። ትልቋ ልጇ ሉያንዶ ይህን ስትጠይቃት በዚህ ሳምንት ሦስተኛዋ ነው። ላሟን ስለምትወዳት ወተቷ እንዳይቋረጥ ሰግታለች ብላ አሰበች።

«አይዞሽ፣ ገና ናት። ሣሩ እንዲህ ካማረ እስከ ሚያዝያ ትታለባለች።»

«እስከ ሚያዝያ» አለች ሉያንዶ ቀስ ብላ። ከዚያ ወደ ማሉባ ተመልሳ ቁጢጥ አለች። ወዲያው ወተቱ ባልዲው ውስጥ ሲንፎለፎል ተሰማ።

የማሉባ ጥጃ የሞተው በኅዳር ነው። ከዚያ ወዲህ ማሉባ ከሉያንዶ በቀር ለማንም ወተት አላወርድ አለች። አባትየው ሃሙንጋ እግሯን አስሮ ሞከረ። ንቺሙንያ ጨው እያስላሰች ለመነቻት። ባልዲውን ረግጣ ደፋችው። ሉያንዶ ግን ያን አሮጌ ቢጫ ሺቴንጌ ሽርጧን አገልድማ ስትጠጋ ላሟ ዓይኗን ጨፈን ታደርግና ትሰጣታለች። ሃሙንጋ የወተት ቢዶኑን ብስክሌቱ ላይ ጭኖ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ወተት መሰብሰቢያው መድረስ አለበት፤ ከቢዶኑ ደግሞ ግማሹ የማሉባ ነው።

«ያን ጨርቅ ምናለ ብታጥቢው? ይሸታል እኮ» አለቻት ንቺሙንያ አንድ ቀን።

«ካጠብኩት ማሉባ አትሰጠኝም።»

«ማሉባ እንዲህ ዓይነት ሽቶ ነው የምትወደው?» ብላ ሳቀች። ሉያንዶም ሳቀች።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ንቺሙንያ የሕፃኑን ብርድ ልብስ ስትፈልግ ከሉያንዶ አልጋ ሥር የቆርቆሮ ሳጥን አገኘች። ከፈተችው። ሁለት ሸሚዞች ታጥፈዋል፤ ሳሙና፣ ሳህንና ማንኪያ አለ። ከላይ ከቾማ ከተማ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት የመጣው ደብዳቤ ተቀምጧል። ትምህርት በተጀመረ በሁለት ሳምንት ውስጥ ያልተመዘገበች ተማሪ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል ይላል። ትምህርት ከተጀመረ ስምንት ቀን ሆኖታል።

ያኔ ትዝ አላት። ደብዳቤው የመጣ ቀን ሉያንዶ እየሮጠች በረት ድረስ መጥታ ነበር። ንቺሙንያም እጇ ወተት በወተት ሆኖ፣ ነገሩን ለመቁረጥ ያህል፣ «ማሉባ ትንጠፍና ትሄጃለሽ» ብላት ነበር። እሷ ስትረሳው ልጅቷ ይዛዋለች። ጥያቄዋ ለላሟ ሳይሆን ለራሷ ኖሯል።

ማታ የበቆሎ ገንፎውን፣ ንሺማውን፣ በእርጎ አቅርባ ከባሏ አጠገብ ተቀመጠች።

«የሉያንዶ አባት፣ ልጅቷ መሄድ አለባት።»

«ማን እምቢ አለ? ማሉባን አንቺ እለቢያት።»

«ስትራገጥ አላዩም?»

«እንግዲያው ማሉባንም አብረን አዳሪ እናስገባታ! ዩኒፎርም የሚበቃት ከተገኘ።»

ንቺሙንያ ሳቋ አመለጣት፤ ከሳቁ በኋላ ነገሩን መልሶ ያነሳ አልነበረም። ሉያንዶን ግን ከቤት ኋላ ጠርታ፣ «ጥቂት ቀን ብቻ ታገሺኝ። ላሟን ላለማምዳት» አለቻት።

«እሺ፣ እማ።»

በማግስቱ ንቺሙንያ ማሉባ ሥር ተቀመጠች። ማሉባ ባልዲውን ደፋችው። በሦስተኛው ቀን ሕፃኑ ሲያስል አድሮ ነበር፤ ሃሙንጋም ብስክሌቱን ይዞ በር ላይ ቆሞ ይጣራል፤ አልሞከረችም። በአራተኛውም አልሞከረች። የመመዝገቢያው የመጨረሻ ቀን ሰኞ መጥቶ አለፈ። ሉያንዶ ስለ ላሟ መጠየቅ ትታ ነበር፤ ንቺሙንያም ዝም ማለቷን እንደ መስማማት ቆጠረችው።

ረቡዕ ሉያንዶ በቆሎ ልታስፈጭ ሄደች። ከሰዓት ዶፍ ወረደና ወንዙ ሞላ፤ ከወዲያ ማዶ አክስቷ ጋር እንደምታድር አንድ ጎረቤት በጩኸት አቀበላቸው። የማሉባ የማታ ወተት ያለ አላቢ ቀረ። ንቺሙንያ ሕፃኑን አዝላ ወጣች። ዝናቡ ሲበረታባት የበረቱ ምሰሶ ላይ የተሰቀለውን ቢጫ ሺቴንጌ አንስታ በእሷም በልጁም ላይ ጣል አደረገችው። ሦስቱን ላሞች አልባ፣ ተስፋ ሳይኖራት ማሉባ ሥር ቁጢጥ አለች።

ማሉባ አንገቷን አዙራ ጨርቁን አሸተተችው። ላሰችው። ከዚያ ወተቷን ለቀቀችው።

ባልዲው ሞልቶ ሳለ ንቺሙንያ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። ጥጃው ሲወለድ ሉያንዶ ያደራረቀችው በዚህ ጨርቅ ነበር፤ ሲሞትም የሸፈነችው በዚሁ። ይህን ሁሉ በዓይኗ አይታለች። ልጅቷም በአፏ ነግራታለች። ሁለት ወር ሙሉ ጨርቁ ከራስጌዋ በላይ ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ነበር።

ሐሙስ ወንዙ ሲጎድል ሃሙንጋ ሉያንዶንና ሳጥኑን ይዞ ቾማ ሄደ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አባትም ልጅም ሳጥኑም ተመለሱ።

«ቦታው ማክሰኞ ተሰጥቷል» አለ ሃሙንጋ ሳጥኑን እያወረደ። ቀልድ አልጨመረበትም።

ንቺሙንያ ልጇን ተከትላ ገባች። «ጨርቁ ነበር እኮ፣ ልጄ። ትናንት ለእኔም ሰጠችኝ።»

ሉያንዶ ሸሚዞቿን ከሳጥኑ እያወጣች ነበር።

«ነግሬሽ ነበር፣ እማ። ስትስቂ ግን እኔም ቀልድ መሰለኝ።»

ሉያንዶ በሚቀጥለው ሰኞ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ተመዘገበች፤ ጠዋት ጠዋት በበረቱ ጎን እያለፈች ትሄዳለች። ማሉባን እናትየው አለበቻት። በሚያዝያ ነጠፈች።