ፈረስ የሌለው ጊዮርጊስ

«ፈረሱስ?» አሉ ጎረቤቲቱ እትዬ አያልነሽ፣ ነጠላቸውን ከአፋቸው ገለጥ አድርገው። «ጊዮርጊስ ያለ ፈረሱ?»

ድንኳኑ በለቀስተኛ ሞልቷል። የአለቃ ወንዳፈራሁ ሣልስት ነው። አለቃ ለደብሩ የሚሥሉትን የጊዮርጊስ ሥዕል በጨረሱ ማግሥት ሞተው ተገኙ፤ ዛሬ መምሬ ኪዳነ «እስቲ እንየው» ብለው ሸራውን ከጓዳ አስወጡት። ባለ ክንፍ ጫማ የተጫማ ሰው ሰይፍ መዞ ከሰማይ ይወርዳል፤ ዘንዶ ከባሕር ብቅ ብሏል፤ ሴቲቱ ከዓለት ጋር በሰንሰለት ታስራለች። ሰውዬው ፊቱን ወደ እሷ ስላዞረ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

ነገር በዓይን ይገባል። በአገሩ ሥርዓት ቅዱስ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ አንድ ዓይን የርኩስ መንፈስ ነው። ይህንን በሞላሌ ለሥዕል ተማሪዎች ያስተማሩትም ራሳቸው አለቃ ነበሩ።

«ሙት ወቃሽ አያርገኝና፣ የቀሠፋቸውም ይኸው ነው» አሉ አያልነሽ በሹክሹክታ።

የአለቃ አንድያ ልጅ አስካለ ማርያም ሰማች። እሷ የሥዕሉን ምሥጢር ታውቃለች። ባለፈው ሁዳዴ አባቷ ከደብረ ብርሃን ገበያ ያገኟትን፣ ይኸው ሥዕል ያለባትን የመጽሐፍ ገጽ አሳይተዋት ነበር።

«ጊዮርጊስ አይደለም። ጥንት አንድ ጣሊያን የሣለው የግሪክ ተረት ነው» አሏት። «ልጅቱን ያለ ጥፋቷ ለዘንዶ አስረው ሰጧት፤ ይኸ ሰው ደረሰላት።» ቆየት ብለው፣ «ለእናትሽ ግን ማን ደረሰ?» አሉ።

እናቷን አየለችን መንፈስ አለባት ብለው ጠበል ቦታ በሰንሰለት ያሳሰሯት መምሬ ኪዳነ ናቸው። እዚያው እንደታሰረች ሞተች። ፎቶ እንኳ አልነበራትም።

መምሬ ወደ ሸራው ተጠጉ። የሴቲቱን ፊት ሲያዩ ፈጥነው ዞር አሉ።

«ይቃጠል» አሉ። «አሁኑኑ።»

«መምሬ፣ የእናቴ መልክ ያለው እዚህ ብቻ ነው!» ብላ አስካለ ማርያም እግራቸው ላይ ወደቀች።

«ርኩስ ነገር ቤትሽ አይደር፣ ልጄ» አሉ፣ ዓይኗን ሳያዩ።

የተቃወመ ሰው አልነበረም። ደጅ እሳት ተያያዘና ጢሱ ድንኳኑ ውስጥ ገባ። ሁለት ጎልማሶች ሥዕሉን ሊያነሡ ጎንበስ አሉ።

«ቆዩ» አለች አስካለ ማርያም።

ቀለሙ ገና አልደረቀም። በአውራ ጣቷ ከእናቷ ቀኝ እጅ ላይ ሰንሰለቱን ጠረገችው፤ ቀጥላ ከግራው። ከዚያ ከመንገዳቸው ገለል አለች።

«በሉ፣ ውሰዷት።»