አኩዶ ሚስት አገባች

ንዋፎር የወንድሙን ሚስት በጥፊ የመታት ገና የወንድሙ መቃብር አፈሩ ሳይደርቅ ነው። ችካል ተሸክሞ ግቢውን ሊሸነሽን ሲገባ፣ «ምን ልታደርግ ነው?» ብላ ስለጠየቀችው ነበር። አኩዶ ወደቀች። ተነሥታ የተከለውን ችካል ነቀለች። ደግሞ መታት፤ ደግማ ነቀለች። በመጨረሻ ከአፍንጫዋ ደም እየተንዠቀዠቀ ችካሎቹን ሰብስባ ወደ ማጀት ገባችና አነደደቻቸው።

«አንድጂው!» ብሎ ጮኸ ከደጅ። «መሬት በወንድ ልጅ ነው የሚጠራው። አንቺ ስትሞቺ ያው የኔ ነው። ልጠብቅሽ ወይስ ላፋጥንልሽ?»

አኩዶ በንኮ ገበያ ደረቅ ዓሣ ትሸጣለች። ዕድሜዋ ሃምሳን ዘሏል፤ የወር አበባዋ ከቆመ ቆይቷል። እዚያ አገር ግን ልጅ ሳትወልድ ባሏ የሞተባት ሴት፣ አቅሙ ካላት ጥሎሽ ከፍላ ሚስት ታገባለች። ያገባቻት ልጅ ከሌላ ወንድ የምትወልደው የሟቹን ስም ይይዛል፤ አባቱ የምትባለውም መበለቲቱ ናት። አኩዶ ይህን ነገር ዓሣዋን እየገለበጠች ስታወጣ ስታወርድ ከረመች።

«በዚህ ጉልበትሽ?» አለቻት አጠገቧ በርበሬ የምትሸጠው ኤዲት። «ልጁ መሮጥ ሲጀምር አንቺ ምርኩዝ ትጀምሪያለሽ።»

«እና ምርኩዙን ማን ያቀብለኝ?»

«የፈለግሽው ምርኩዝ ከሆነ፣ እንጨት ግዢ፣ ይረክሳል።»

አኩዶ አብራ ሳቀች፤ ነገሩ ግን ወጋት። መሬቱን ነው የፈለገችው? ወይስ ንዋፎርን ማሳረር? ወይስ ከገበያ ስትመለስ ከደጅ ሮጦ የሚቀበላትን ልጅ? መልሱን ሳታገኝ፣ ከወንዝ ማዶ አዳኩ ከምትባል ሴት ዘንድ ሄዳ ኡዞማ የምትባለውን ልጇን ለሚስትነት ጠየቀች።

ቤተ ዘመዱ ያልቀመሰው የዘንባባ ጠጅ ጋብቻ አያጸናም። ስለዚህ አኩዶ እንስራውን አስይዛ ንዋፎር ከሽማግሌዎቹ ጋር ከተቀመጠበት ሄደች። ሰው ሁሉ ቅሉን ፊቷ ላይ ይደፋዋል ብሎ ሲጠብቅ፣ እሱ ጭልጥ አድርጎ ጠጣና አፉን ጠረገ።

«ማሳው ከተገኘ ዘር አይጠፋም፤» አለ። «እኔ አለሁ!»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ንዋፎር የአኩዶን ዝምታ እንደ እሺታ ቆጠረው። ልጁ ከእሱ ሲወለድ፣ ግቢው ዞሮ ዞሮ እጁ ይገባል።

ኡዞማ አፏ የማያርፍ፣ ሳቋ ከሰፈር ሰፈር የሚሰማ ልጅ ነበረች። አኩዶ ከገበያ ስትገባ፣ «ባሌ፣ ዛሬ ምን ይዘህልኝ መጣህ?» ብላ በወንድ አንቀጽ ትቀበላታለች። አኩዶም ድምፅዋን አጐርንና፣ «እራት የት አለ፣ አንቺ ሰነፍ?» ትላታለች። ሁለቱም እስኪያስነጥሳቸው ይስቃሉ።

ንዋፎር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታጥቦ፣ ዶሮ አንጠልጥሎ መጣ። ኡዞማ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጋሼ ንዋፎር፣ ዶሮዋን እዚያ ያስቀምጡና በመጡበት ይመለሱ። ባሌ ምርጫውን ለኔ ትቶልኛል፤ እኔ ደግሞ መርጫለሁ።»

የመረጠችው በማዶ መንደር ያለ አንድ አናጺ ነበር። ሆዷ ሲገፋ ንዋፎር የሽማግሌዎቹን ደጅ ጠና። «ያለ እኔ ፈቃድ ነው!» አለ። እነሱም፣ «ጠጁን ማን ጠጣው?» አሉት። በሕዝብ ፊት የጠጡትን መትፋት የለም። ጋብቻው በቃል የማይፈርስ መሆኑን ሲያውቅ ገጀራ መሳል ጀመረ።

መውለጃዋ ሲቃረብ፣ ማለዳ ላይ መጣ። መጀመሪያ ቦዬ የሚባለው የሥራሥር ምግብ የሚቀመጥበትን ጎተራ ከነምሰሶው ጣለ። ፍየሏ ስትጮህ አንገቷን መታት፤ ደሟ ግድግዳው ላይ ተረጨ። ኡዞማ ሆዷን አቅፋ ወደ ማጀት ስትሮጥ በጸጉሯ ጎትቶ ጣላትና በእግሩ ሆዷን ረገጣት። ደግሞ ረገጣት።

«የማንን ዲቃላ ነው በወንድሜ ስም የምትጠሩት?»

አኩዶ ከሙቀጫው ዘነዘናውን መዝዛ ወጣች። ገጀራውን ሲያነሣ በግራ እጇ ከለከለችው፤ ሁለት ጣቶቿ እዚያው አፈሩ ላይ ቀሩ። በቀኟ ዘነዘናውን ክንዱ ላይ አሳረፈችው። አጥንቱ እንደ ደረቅ ጭራሮ ቀጭ አለ። ገጀራው ወደቀ። ደገመችው፤ መንጋጋው ተናጋ። ጎረቤት ባይደርስ ኖሮ ትጨርሰው ነበር፤ ጎትተው ሲያላቅቋትም እጇ ዘነዘናውን አልለቅ ብሎ ነበር።

ኡዞማ ወዲያው ማማጥ ጀመረች። የወረደው ደም ከውኃው ይበልጥ ነበር። አዋላጇ ሕፃኑን አወጣችው፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ጮኸ። ደሙ ግን አልቆመም።

«ባሌ፣» አለች ኡዞማ፣ ከንፈሯ ነጥቶ። «ያምራል?»

«ያምራል።»

«አንቺን ይመስላል በይኛ።»

አኩዶ ልትመልስላት ስትጎነበስ ኡዞማ አልነበረችም።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ንዋፎር መንጋጋው ታስሮ ከልጆቹ በአንዱ አንደበት ተናገረ፦ የገደላት ወሊድ ነው እንጂ እሱ አይደለም። ሽማግሌዎቹም እርስ በርሳቸው ተያዩና በፍየልና በበግ ቀጡት። ግቢው የሕፃኑ ነው፣ በግቢው እስካደገ ድረስ፤ ከወጣ ግን መሬቱ ወደ ዘመድ ይመለሳል አሉ። ንዋፎር በታሰረው አፉ ፈገግ ሲል አኩዶ አየችው። አጥሩ ከአጥሯ ጋር የተነካካ ነው። ክንድ ደግሞ ይጠገናል።

የኡዞማ እናት አዳኩ ልጇን ከቀበረች በኋላ ሕፃኑን አቅፋ ተነሣች። በዕድሜ ከአኩዶ ታንሳለች።

«አማቼ፣ ጥሎሽ ከፍለሻል፤ ልጁ ያንቺ ነው፣ አልክድም። እዚህ ትቼው ግን አልሄድም። እኔ ዘንድ ይደግ፤ አንቺ መሬትሽን ጠብቂ።»

«እሱ ከወጣ መሬት የለም።»

«እንግዲያ ምረጪ! አንዷን ልጄን በልታችኋል።»

አኩዶ ባሏ የተከላቸውን ዘንባባዎች አየች፤ መቃብሩን አየች። ለዚህ አፈር ብላ ተደብድባለች፤ ለዚህ አፈር ብላ የሰው ልጅ አምጥታ አስረግጣለች። ሕፃኑ አዳኩ ክንድ ላይ ሆኖ አፉን እየከፈተ ይፈልጋል።

«እኔም እመጣለሁ፤» አለች።

«የት?»

«አንቺ ቤት።»

«አማቶቹ ቤት ገብቶ የሚኖር ባል የት አይተሻል? ሰው ይስቅብናል!»

«ይሳቅ።»

«ደግሞስ አሮጊት ነሽ፤ ሁለት ሕፃን ልታሸክሚኝ ነው?»

«አሮጊት ስለሆንኩ ነው። ሲያድግ አምጪልኝ ብልሽ አልደርስበትም። አሁን ነው የምፈልገው።»

አዳኩ ሕፃኑን በአኩዶ ቀኝ ክንድ ላይ አደረገችላት።

ሲወጡ የንዋፎር ልጆች ከአጥሩ ማዶ ቆመው፣ «ባልየው ኮበለለ!» እያሉ አፏጩባቸው። አንደኛው የወረወረው ድንጋይ አኩዶን ጀርባዋ ላይ አገኛት። ልጁን ወደ ደረቷ አጥብቃ አልፋ ሄደች። ሕፃኑ በቀሚሷ ላይ ጡቷን ፈለገ፤ ደረቅ ነው፤ አለቀሰ። ወንዙ ጋ ሲደርሱ የታሰረው የግራ እጇ ደም ማንጠባጠብ ጀመረ።

«አምጪው፤ ልያዝልሽ፤» አለች አዳኩ እጇን ዘርግታ።

«ገና አልደከመኝም፤» አለች አኩዶ፤ ወደ ውኃውም ገባች።