ሰባተኛው መስመር

በብስኩት ፋብሪካው ውስጥ የመብራት ሥራ የምንሠራው ወንድሜና እኔ ብቻ ነበርን። እሱ አርባ ሰባት ዓመቱ ነበር፣ እኔ አርባ ሁለት። እሱን ሠራተኛው ሁሉ ካርታ ይለዋል። በሦስቱም ፎቅ ያለው ሽቦ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ወረቀት ሳያይ ስለሚናገር ነው። እኔን ደግሞ ማሙሽ ይሉኛል። መጀመሪያ ቀን ወደ ሥራ ይዞኝ ሲገባ እንደ ቤቱ ማሙሽ ብሎ ጠራኝና፣ ጢሜ ሸብቶም ማሙሽ ሆኜ ቀረሁ።

የሥራ ሕጋችንን ያወጣው እሱ ነው። መጋዘኑ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል አርባ መስመር ያለው የፊውዝ ሰሌዳ፣ መደርደሪያው ላይም አሥራ ሁለት መለዋወጫ ፊውዝ የያዘ ሣጥን አለ። መሰላል ላይ የሚወጣው ሰው የሚሠራበትን መስመር ሦስት ነጫጭ ፊውዞች በገዛ እጁ ነቅሎ ደረት ኪሱ ይከታል። ሌላው ማንም እንዳይነካው ሰሌዳው ፊት ይቆማል። የወጣው ሰው ጨርሶ ሲመጣ የቆመው "ወርደሃል?" ብሎ ይጠይቀዋል። ሰውየው ፊት ለፊቱ ተገትሮ ቢያየውም እንኳ "ወርጃለሁ" ካላለ ፊውዙ አይመለስም። የምድጃው ሠራተኛ በዚህ ይሥቅብን ነበር። ወንድሜ አንድ ቀን መለሰለት፤ "አንተ ብታሳርር ብስኩት ነው፣ እኔ ባሳርር ወንድሜን ነው።"

ሌላም ያስተማረኝ ነገር አለ። ፊውዙ ኪስህ ውስጥ ቢሆንም እጅህን ከመስደድህ በፊት ሽቦውን በቴስተር ጠይቀው፤ ከበራ ኤሌክትሪክ አለበት ይለኝ ነበር። ዛሬ በሕይወት ያለሁት በዚህ ነው።

እናታችን ስልክ ቤት ነበር የምትሠራው። ከሁለት መቶ በላይ ቁጥር በቃሏ ይዛ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ኖራለች። አርባ ስምንት ዓመት ሲሞላት ድስት ላይ ሁለት ጊዜ ጨው መጨመር ጀመረች። በሃምሳ ዓመቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ የማን እንደሆኑ የማታውቃቸውን ቁጥሮች ስትደረድር ትውላለች። እኔንና ወንድሜን ስታየን የየትኛው መሥሪያ ቤት ሰዎች እንደሆንን በትሕትና ትጠይቀን ነበር። ስለዚህ እኛ ቤት ቁልፍ ሲጠፋ እንደ ሰው ቤት ተፈልጎ ዝም አይባልም። ወንድሜ አርባ አምስትን ካለፈ ወዲህ ዕድሜውን የጠየቀውን ሰው ሁሉ ይቆጣ ነበር።

እሱ ላይ የጀመረው በቀላል ነገር ነው። ፒንሳውን በእጁ ይዞ ፒንሳ ፈልግልኝ አለኝ። ተሣሣቅን። በሳምንቱ ከምሳ ሲመለስ የፋብሪካውን በር አልፎ ሄደና ዘበኛው ሮጦ መለሰው። ከዚያ ሚስቱ ለብቻዬ ጠርታ፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በኖረበት ቤት መታጠቢያ ቤቱ የት እንደሆነ እንደጠየቃት ነገረችኝ። ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የተናደደ ሰው ፊት ነበራት። ሐኪም ዘንድ እንዲሄድ ለምነነው ነበር። ሐኪም የሚነግረኝን እናቴ ነግራኛለች ብሎ እምቢ አለ።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ አንድ እግሩን ተጫምቶ፣ አንዱን ረስቶ ተቀምጦ አገኘሁት።

"ማሙሽ፣ አውቀሃል አይደል?" አለኝ።

"ምኑን?"

"ተው እንጂ።" ባዶ እግሩን አየና ጫማውን መፈለግ ጀመረ። "የማቆመው እኔ ራሴ ነኝ። ፎርማኑ ዘንድ ሄጄ በገዛ አፌ በቃኝ እላለሁ። ቀኑን ግን እኔ ልምረጥ። እናታችንን ከስልክ ቤት እንዴት እንዳስወጧት አይተሃል። እንደ ሕፃን ካፖርት አልብሰው፣ ቁልፉን ቆልፈውላት። እኔን እንደዚያ እንዳያደርጉኝ።"

ቃል ገባሁለት። ከዚያ ወዲህ መሰላል የምወጣው እኔ ሆንኩ፤ እሱ ሰሌዳው ፊት ይቆማል። ለጠየቀኝ ሁሉ ጉልበቱን ያመዋል እያልኩ ስምንት ወር ዋሸሁ። እንደ ደግ ሰው የምቆጠርበት ነገር ግን አይደለም። እሱ አንድ ነገር በረሳ ቁጥር ቀለል ይለኝ ነበር። እሱ ላይ ካረፈ እኔን ያልፈኛል ብዬ አስብ ነበር። እኔም አልፎ አልፎ ደረጃው መሐል ቆሜ ወደ ላይ እየሄድኩ ነበር ወይስ ወደ ታች እላለሁ። ድካም ነው ብዬ አልፈዋለሁ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሠራተኛው ሳይገባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ የቆመውን ማራገቢያ ልንሠራ መጣን። የማራገቢያው መስመር ስድስተኛው ነው። ፊውዞቹን ነቀልኩ፣ ኪሴ ከተትኩ፣ ወንድሜን ሰሌዳው ፊት አቁሜ ወጣሁ። መሰላሉ ጫፍ ላይ ሆኜ የማራገቢያውን ክዳን ፈታሁና ቴስተሩን አስጠጋሁ። በራ። ሌላኛውን ሽቦ ነካሁ፤ በራ። ሽቦውን ሳልነካ ወረድኩ።

ወንድሜ ካቆምኩት ቦታ ንቅንቅ አላለም። ከጀርባው ስድስተኛው መስመር ላይ ሦስቱም ፊውዞች በቦታቸው ናቸው። ከአርባው መስመር ሩቡ ድሮም ባዶ ስለሆነ ሌላውን ልብ ብዬ አላየሁም።

"ወርደሃል?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ይህን ማን መለሰው?"

ዞሮ ሰሌዳውን አየ፤ ከዚያ እጆቹን አየ። "አልነካሁም" አለ። ሰሌዳውን ደግሞ አየ። "አልነካሁም መሰለኝ።"

ያቃጠለኝ "መሰለኝ" ማለቱ ነው። የኪሴን ሦስት ፊውዞች አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ ጣልኳቸው። የነቀልኳቸው እነዚህ ናቸው፣ ሰሌዳው ላይ ያሉትን ከመለዋወጫው ሣጥን አውጥተህ ከትተሃል፣ ልትገድለኝ ነበር አልኩት። የራሱን እጅ የማያምን ሰው ምን ብሎ ይከራከራል?

ወጥቼ ፎርማኑን ቢሮው በር ላይ ጠበቅሁት። ሁለት ሰዓት አልፎ መጣ። ሁሉንም ነገርኩት፤ ፒንሳውን፣ በሩን፣ መታጠቢያ ቤቱን ሳይቀር። ክፉ ሰው አይደለም። ስምንት ወር ሙሉ ይህን ብቻህን ተሸክመህ ነው ወይ ብሎ ትከሻዬን ያዘኝ። እኔም ትከሻዬን ለቀቅሁለት።

አብረን ስንወርድ ወንድሜ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ጠበቀን። ቅድም እንደዚያ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ምንም የለም። ፎርማኑ ቀስ ብሎ ጠየቀው። ወንድሜ እኔን ትክ ብሎ አየኝ። በዚያን ሰዓት ቂም መስሎኝ ነበር።

"እኔ ነኝ" አለ። "ማሙሽ ልክ ነው። እኔ ነኝ የመለስኩት።"

ፎርማኑ ካፖርቱን ከምስማሩ አውርዶ አለበሰው። የላይኛውን ቁልፍ ሳይቀር ቆለፈለት። ወንድሜ አገጩን ቀና አድርጎ ቆመለት።

ቤት ከዋለ ወዲህ በወር ውስጥ ሰውነቱ ሌላ ሆነ። በሁለተኛው ወር የሚስቱን ስም አጣው። ፋብሪካ ውስጥ የምድጃው ሠራተኛ፣ ካርታው ተቀደደ እንግዲህ በጣት እየጠቆሙ መሄድ ነው ብሎ ቀለደ። ሰው ሁሉ ሣቀ። እኔም ሣቅሁ። የሰሌዳው ክፍል ቁልፍ ለእኔ ተሰጠኝ።

በሦስተኛው ወር የእሽግ ክፍሏ ኃላፊ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መጣች። ማሽኗ ቆሞባታል።

"ዛሬም እንደዚያ ቀን ነቅላችሁ ረሳችሁን?" አለችኝ።

"የትኛው ቀን?"

"ካርታ የወጣ ቀን ነዋ።" ከዚያ ግራ ቀኙን አይታ ድምጿን ዝቅ አደረገች። በዚያን ቀን ሁለት ሰዓት ላይ ሴቶቹ ሲገቡ ማሽኑ አልነሣ ብሏቸው ነበር። ልትጮኽ ወደ ሰሌዳው ክፍል ስትወርድ ወንድሜን ብቻውን አገኘችው። ከጠረጴዛው ላይ ፊውዝ እያነሣ በእሷ መስመር፣ በሰባተኛው ላይ፣ እየመለሰ ነበር። "ማሙሽ ተሳስቶ ነቅሎት ነው፤ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ለራሱም ቢሆን አለኝ። ቃሌን ጠብቄ ነበር። አሁን እሱ ምንም አያውቅም ሲሉ ጊዜ ነው ያወጣሁት።"

ማሽኗን አስነሣሁላት። ተመልሼ በሩን ዘጋሁና የመለዋወጫውን ሣጥን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ወንድሜ ባሰረው ሲባጎ፣ በራሱ አስተሳሰር፣ እንደታሰረ ነው። ፈታሁት። አሥራ ሁለቱም ፊውዞች አሉ፤ አንድም አልጎደለም። ስድስተኛውን መስመር ማንም አልመለሰውም፤ መጀመሪያውኑ አልነቀልኩትም። እኔ ፎርማኑን ልጠራ ስወጣ እሱ ዞሮ ሰሌዳውን አንድ ጊዜ አየ፤ በቃው። ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት ሰሌዳው አልጠፋበትም ነበር። በዚያች ሰዓት እኔ ላይም እንደጀመረ ከእኔ በፊት አወቀ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቤቱ ሄድኩ። ሚስቱ፣ እትዬ፣ በሩን ከፈተችልኝና ካፖርቴን መስቀያው ላይ ሰቀለችው። ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ወንድሜ ቆጣሪው ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ደረት ኪሱ ውስጥ የቤቱ ፊውዝ ነጭ ሆኖ ይታያል።

"ሦስት ቀኑ ነው" አለችኝ። "ማሙሽ መሰላል ላይ ነው እያለ መብራት አያስበራኝም። እጄን ስሰድ ይመታኛል።"

ፊቱ ተቀመጥኩ። "ጋሼ፣ ያኔ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ" አልኩት። "ሰባተኛውን ነው የነቀልኩት። አንተ አልነካህም።"

እናታችን ታየን እንደነበረው፣ እንግዳ ሰውን በሚያዩበት ትሕትና አየኝ።

"ወርጃለሁ፣ ጋሼ" አልኩት። "ማሙሽ ነኝ። ወርጃለሁ።"

"እርስዎ አያውቁትም" አለኝ። "ማሙሽ ገና ላይ ነው። ራሱ መጥቶ ይበል።" እጁን ኪሱ ላይ አደረገ።

እትዬ ሁሉንም ሰምታለች። በሩ ድረስ ተከተለችኝና ለፎርማኑ ነግሬው እንደሆነ ጠየቀችኝ። አልነገርኩትም አልኳት።

"እሱን ለመናገር አንድ ጠዋት ነው የፈጀብህ። ያንተን መቼ ነው የምትናገረው?"

ሰኞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሥራ አለ። መሰላሉን የሚወጣው በወንድሜ ቦታ የገባው አዲሱ ሠራተኛ የሁለት ልጆች አባት ነው፤ ሰሌዳው ፊት የምቆመው እኔ ነኝ። ይህን ሁሉ አሰብኩ።

"እኔው ራሴ እናገራለሁ፣ እትዬ" አልኳት። "ቀኑን ግን እኔ ልምረጥ።"

ካፖርቴን ከመስቀያው አውርዳ ሰጠችኝ።